ለአዲስ አበባ በረንዳ የዓመታዊ አበቦችና የቅጠል ተክሎች አመራረጥ

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና አፓርታማዎች በረንዳ ላይ አበባ ለማሳደግ የሚሞክሩ ነዋሪዎች ደጋግሞ የሚያጋጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ከችግኝ መሸጫ ሲገዛ በአበባ ተሸፍኖ የነበረው ተክል በረንዳው ላይ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ አበባውን ያራግፋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ግንዱም ብርሃን ፍለጋ እየቀጠነና እየረዘመ ይሄዳል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በውሃ ማነስ ወይም በአትክልተኛው ልምድ ማጣት ቢመካኝም፣ ስሕተቱ የተሠራው በአመዛኙ ገና ተክሉ ሲመረጥ ነው፤ ተክሉ የተመረጠው በቀለሙ እንጂ በሚኖርበት ቦታ ብርሃን፣ ነፋስና ውሃ አይደለምና። በዚህ መመሪያ የቀረቡት ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸው የተቀመጠው ይህን ስሕተት ለማስቀረት ስለሆነ፣ የቀለም ጉዳይ ሆን ተብሎ ወደ መጨረሻ ተገፍቷል፤ ከአበባው ይልቅም ለቅጠሉ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷል።

አስቀድሞ አንድ ቃል መብራራት አለበት። ዓመታዊ ተክል የሚባለው ከዘር በቅሎ፣ አድጎ፣ አብቦና ዘር ሰጥቶ ዕድሜውን በአንድ የእድገት ወቅት የሚጨርስ ተክል ሲሆን፣ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስና በሶብላ የዚህ ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ ከውጭ በሚመጡ የዘር እሽጎችና መጻሕፍት ላይ «ዓመታዊ» ተብለው ከሚዘረዘሩት መካከል ጄራኒየም፣ ቤጎኒያ፣ ኮሊየስና ኢምፓሸንስ በተፈጥሯቸው ብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው፤ ዓመታዊ የተባሉት በብርድ አገሮች የክረምቱ ውርጭ ስለሚገድላቸው ብቻ ነው። ውርጭ እምብዛም በማይደርስበት የአዲስ አበባ በረንዳ ላይ ግን ጄራኒየም ከዓመት ዓመት እያበበ ግንዱ እንጨት እስኪሆን ድረስ ሊቆይ ይችላል። ልዩነቱ ለበጀትም ለዕቅድም ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ወገን በየወቅቱ እንደገና መዘራት ሲኖርበት፣ ሁለተኛው በመግረዝና በቁራጭ በማራባት ይታደሳል።

1. ብርሃኑን መለካት

የመጀመሪያው ሥራ ገበያ መውጣት ሳይሆን በረንዳው በቀን ስንት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ እንደሚያገኝ ማወቅ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በየሰዓቱ መትከያው የሚቀመጥበትን ቦታ ተመልክተው ፀሐይ ያረፈበትንና ያላረፈበትን ሰዓት በወረቀት ይመዝግቡ። መለካት ያለበት ወለሉ ሳይሆን የተክሉ ቅጠል የሚደርስበት ከፍታ ነው፤ የበረንዳው ግንብ ወለሉን ጥላ አድርጎት ሳለ ከግንቡ በላይ ያለው ክፍል ሙሉ ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፀሐያማ፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት የሚያገኝ ከፊል ጥላ፣ ከ3 ሰዓት በታች የሚያገኝ ደግሞ ጥላማ ተብሎ ይመደባል።

በዚህ ረገድ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ ምክር ያሳስታል። በእነዚያ አገሮች ደቡብ ማለት ፀሐይ፣ ሰሜን ማለት ጥላ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በአናት ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስትሆን፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በበጋው ወራት፣ በተለይም በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ወደ ውስጥ ድረስ ሲገባለት፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ግን ፀሐዩን የሚያገኘው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በክረምት ስለሆነ ዓመቱን በሙሉ እንደ ጥላማ ቢቆጠር ይሻላል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩት በረንዳዎች በየወቅቱ ብዙም አይለዋወጡም፤ ምሥራቁ ለስላሳውን የጠዋት ፀሐይ ሲቀበል፣ ምዕራቡ ከሲሚንቶው ግንብ ከሚመለሰው ሙቀት ጋር የተደመረውን የከሰዓት ፀሐይ ይቀበላል። በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ የሚጥል በመሆኑ፣ በዚያ ወቅት ከፀሐይ የተሻለ ድርሻ የሚደርሰው ለምሥራቁ በረንዳ ነው።

ከላይ ያለው ፎቅ ወለል ለታችኛው በረንዳ ጣሪያ እንደሚሆንም መዘንጋት የለበትም፤ ፀሐይዋ በአናት ላይ ስትሆን በረንዳው ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ለመከታተል ጊዜ የሌለው ሰው እኩለ ቀን ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፎ እጁን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይዘርጋ፤ የጥላው ጠርዝ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ ብርቱ ነው፣ ጠርዙ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፣ ጥላው ጨርሶ የማይለይ ከሆነ ቦታው የጥላ ተክል እንጂ የፀሐይ ተክል አይችልም።

2. ነፋሱን፣ ክብደቱንና የውሃውን ሁኔታ ማጤን

ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፤ ነፋስ ረጃጅም ግንዶችን ከመስበሩ በላይ ከቅጠል የሚተነውን ውሃ ስለሚያበዛ፣ ለላይኞቹ ፎቆች ቁመታቸው ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ቅጠላቸው ትንንሽ ወይም ወፍራም የሆነ ተክሎች ይመረጣሉ። ረጃጅሞቹ የዚኒያና የኮስሞስ ዝርያዎች ለምድር ቤትና ለግቢ ይቅሩ።

ክብደትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። 20 ሊትር የሚይዝ መትከያ በረጠበ አፈር ሲሞላ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ ትልልቆቹ መትከያዎች ከቤቱ ግድግዳ ተጠግተው ይቀመጡ እንጂ በበረንዳው ጫፍ ላይ አይደርደሩ። በአጥሩ ብረት ላይ የሚንጠለጠል መትከያ ምንጊዜም ወደ ውስጥ ይንጠልጠል፤ ከላይ የሚወድቅ ማሰሮ ሰው ይገድላል።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ዋናው ጥያቄ ተክሉ ውሃ ሳያገኝ ስንት ቀን መቆየት ይችላል የሚለው ነው። ጄራኒየም፣ ፖርቱላካና አሪቲ አፈራቸው ቢደርቅ ጥቂት ቀናት ይታገሣሉ፤ ኢምፓሸንስ፣ ሎቤሊያና ኮሊየስ ግን በአንድ ሞቃት ቀን ይጠወልጋሉ። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለተክል ይሆናል፤ ሳሙና፣ በረኪና ወይም ጨው የነካው ውሃ ግን በመትከያው ጠባብ አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ሥር ስለሚጎዳ አይሆንም።

3. መትከያውንና አፈሩን ማዘጋጀት

ለአብዛኞቹ ዓመታዊ አበቦች 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለበርካታ ተክሎች ቅንጅት ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል። የሸክላ ዕቃ ግድግዳው አየር ስለሚያስገባ ሥሩን ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ በዚያው ልክ ውሃ ቶሎ ያደርቃል። የቀለም ባልዲና ከአናቱ የተቆረጠ ጀሪካን በሚገባ ታጥበው ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብም ጥቅም ላይ አይዋል። ከሥሩ የጣት ውፍረት ያላቸው ቢያንስ 4 ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል።

ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ «ውሃው እንዲወርድ» በሚል ከመትከያው ሥር ጠጠር ማንጠፍ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ከረጠበ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ የጠጠሩ ንጣፍ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስወግደውም። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ወይም የወንፊት ሽቦ ማንጠፍ ይበቃል። ጠጠሩ ጥቅም የሚሰጠው ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ነው።

ጥሩ ድብልቅ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ 1 እጅ ደግሞ ደቃቅ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይይዛል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ የሚቆፈረው ይህ ጠጠር በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ውሃም አየርም ይይዛል፤ ክብደቱም ከአሸዋ ያንሳል። ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ሥር ስለሚበጥስ ለመትከያ አይመከርም። ያልበሰበሰ ትኩስ ፍግም ሥር ያቃጥላል፣ ዝንብም ይስባል። ድብልቁ መልካም መሆኑ የሚታወቀው በመዳፍ ተጨብጦ ሲለቀቅ እንደተጨበጠ የማይቀር፣ በጣት ሲነካም የሚፈርስ ሲሆን ነው።

4. ወቅቱን መወሰን

በአዲስ አበባ ተክል የሚመረጠው በሙቀት ብቻ ሳይሆን በዝናብም ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ በእነዚህ ወራት የፔቱኒያ ስስ አበባ በዝናብ ተደብድቦ ይበሰብሳል፣ የዚኒያ ቅጠልም ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ሻጋታ ይሸፈናል። ቤጎኒያ፣ ኢምፓሸንስና ኮሊየስ ግን እርጥበትና ደመና የሚስማማቸው ስለሆኑ የክረምት በረንዳ በእነሱ ሊያምር ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ፖርቱላካና ፔቱኒያ ተራቸው ይደርሳል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ፓንዚ፣ ስናፕድራገን፣ አሊሰምና ናስተርሺየም ከሌሎቹ ይልቅ ያምራሉ፤ ቅዝቃዜ ለእነዚህ ችግር ሳይሆን ፍላጎታቸው ነው።

የቀኑ ርዝመትም ሊታሰብበት ይገባል። አንዳንድ ተክሎች የሚያብቡት ቀኑ ሲያጥር፣ ሌሎቹ ሲረዝም ነው። በአዲስ አበባ የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል በታች አይወርድም፣ ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃም አይበልጥም። በዚህ ምክንያት አጭር ቀን የሚወዱት ኮስሞስና ረጅሙ የማሪጎልድ ዓይነት ገና በአጭርነታቸው ቶሎ ያብባሉ፤ ረጅም ቀን የሚጠብቁ የፔቱኒያ ዝርያዎች ግን ቅጠል እያበዙ አበባውን ያዘገያሉ። አበባ የዘገየበት ሰው ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ይህን ያስብ፤ ችግሩ የምግብ እጥረት ላይሆን ይችላል።

ዘር የሚዘራበት ቀን የሚሰላው አበባው ከሚፈለግበት ቀን ወደኋላ በመቁጠር ነው። ማሪጎልድና ዚኒያ ከዘር እስከ አበባ 2 ወር፣ በቀዝቃዛው ወቅት ከዚያም በላይ ስለሚወስዱ፣ ለመስከረም አበባ የሚፈልግ ሰው በሰኔ መጨረሻ ዝናብ በማይመታው የበረንዳው ውስጠኛ ክፍል ይዝራ።

5. አበቦቹን መምረጥ

ብርሃኑና ወቅቱ ከታወቁ በኋላ የአበባ ምርጫው ይጠባል፤ መጥበቡም መልካም ነው። ለፀሐያማ በረንዳ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ፖርቱላካ፣ ሴሎሺያ፣ ሳልቪያና ጄራኒየም ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለጀማሪ ከሁሉ የሚመከረው አጭሩ ማሪጎልድ ነው፤ ዘሩ ለመያዝ የሚመች፣ በሳምንት ገደማ የሚበቅል፣ የአፈር ድህነትንም የሚታገሥ ነው። ፖርቱላካ አበባውን የሚከፍተው ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ስለሆነ በጥላ ቦታ ቢተከል ያለ አበባ ይቀራል። ለከፊል ጥላ ሎቤሊያ፣ አሊሰም፣ ፓንዚና ስናፕድራገን፣ ለጥላ ደግሞ ኢምፓሸንስና ቤጎኒያ ይመረጣሉ።

ከአገር በቀሎቹ መካከል ሁለቱ ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ የሚያብብ፣ ከዘር የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ በጠባብ መትከያ ስለሚቀጥንና ስለሚጋደም ሰፊና ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መትከያ ይሰጠው። በመስከረም ከሜዳ ነቅሎ ማምጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያበበ ዓመታዊ ተክል ዕድሜው ወደ ማለቁ የደረሰ ስለሆነ ሥሩ እንደገና አይይዝም። ትክክለኛው መንገድ ደርቆ የጠቆረውን ዘር ከአበባው ወራት በኋላ ሰብስቦ፣ በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ጠቅጠቅ አድርጎ ዘርቶ፣ ደካሞቹን እየነቀሉ ማሳሳት ነው። ሁለተኛው፣ ሥሩ ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ የሚያገለግለው እንሶስላ፣ በየአበባ መሸጫው ከሚገኘው ኢምፓሸንስ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። እርጥበትና ጥላ የሚወድ በመሆኑ ወደ ሰሜን ለሚያይ በረንዳ ይስማማል፤ ነገር ግን ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ ሊደርስ ስለሚችል ለብቻው በትልቅ መትከያ ይተከል። እንሶስላ ዓመታዊ አይደለም፤ በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ሥሩ ከአፈር ውስጥ ስለሚቆይ ሞተ ተብሎ አይጣል።

6. የቅጠል ተክሎችን መምረጥ

የበረንዳን ውበት ዓመቱን ሙሉ የሚሸከመው ቅጠል ነው። አበባ ከሳምንታት በኋላ ይረግፋል፤ በሁለት አበባ መካከል ባለው ጊዜ መትከያው ባዶ የማይመስለው ቅጠሉ በራሱ የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው። በመሆኑም ከሚገዙት ሦስት ችግኞች ቢያንስ አንዱ የቅጠል ተክል እንዲሆን፣ ጥላ ለበዛበት በረንዳ ደግሞ ሁለቱ እንዲሆኑ ይመከራል።

በመንገድ ዳር የችግኝ መሸጫዎች አብዛኞቹ ተክሎች ስማቸው ያልተጻፈባቸው፣ አንዳንዴም ሻጩ ራሱ ስማቸውን የማያውቃቸው በመሆናቸው፣ ገዢው ቅጠሉን አይቶ የተክሉን ፍላጎት መገመት ቢለምድ ከማንኛውም ዝርዝር የበለጠ ይጠቅመዋል። ብርማ ወይም አመድማ መልክ ያለው፣ ሲዳሰስ ጸጉር የሚመስል ሽፋን ያለበት ቅጠል ብርቱ ፀሐይን የሚመልስና የውሃን ትነት የሚቀንስ ስለሆነ ለፀሐይና ለደረቅ ቦታ የተፈጠረ ነው። ወፍራምና ውሃ ያዘለ ቅጠል ድርቀትን ይችላል፤ የሚገድለው ውሃ መብዛት ነው። ስስ፣ ሰፊና ለስላሳ ቅጠል ደግሞ በአነስተኛ ብርሃን ብዙ ለመሰብሰብ የተዘረጋ ስለሆነ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል፤ በምዕራብ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ጠርዙ ተቃጥሎ ቡናማ ይሆናል። የከተማዋ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚገኝ በመሆኑ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፤ ስለዚህ በሌላ አገር «ሙሉ ፀሐይ ይችላል» የተባለ ስስ ቅጠል እዚህ ከቀትር ፀሐይ ቢጠበቅ ይሻላል። ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ቅጠል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ነጩ ክፍል ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ተክሉ ከአረንጓዴው ዘመዱ የበለጠ ብርሃን ይሻል፣ ነጩ ክፍል ግን በቀጥተኛ ፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ተክል ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ሲወጣ ወዲያው ይቆረጥ፤ ፈጥኖ ስለሚያድግ ዥጉርጉሩን ይውጠዋል።

ከታወቁት የቅጠል ተክሎች ኮሊየስ በቀይ፣ በሐምራዊና በቢጫ ቅጠሉ ለከፊል ጥላ ተወዳዳሪ የለውም። ቅዝቃዜ ግን አይወድም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይጠጋ፣ ውሃውም ይቀነስለት። አናቱ ላይ የሚወጣው ቀጭን የአበባ ዘንግ ጉልበቱን ስለሚወስድ እንደታየ ይቀጠፍ። ከመትከያው ጠርዝ ላይ ለሚፈስ ቅጠል ሐምራዊው ትራደስካንሺያና ስፓይደር ፕላንት የሚባለው ባለ ረጃጅም ቅጠል ተክል ይሆናሉ። ከገበያ የተገዛ ስኳር ድንች ከፊሉ በእርጥብ አፈር ተቀብሮ ሲያቆጠቁጥ ሐረጉ ተቆርጦ ቢተከልም ዋጋው ከማንኛውም ችግኝ ያነሰ መልካም ሐረግ ይገኛል።

በብዙ ቤት ለወጥ፣ ለቡናና ለመልካም ሽታ የሚተከሉት ቅጠሎች በበረንዳ ውበት ረገድ ተገቢ ቦታቸውን አላገኙም፤ ይህ ሊታረም ይገባል። የአሪቲ ብርማ ቅጠል በውድ ከሚሸጡት ብርማ ጌጠኛ ተክሎች አያንስም፣ ከቀይ ጄራኒየም አጠገብ ሲተከልም ቀዩን ያጎላዋል። የጥብስ ቅጠል ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ለመትከያ መካከል፣ ጦስኝ ዝቅ ብሎ ስለሚዘረጋ ለጠርዝ ይሆናል። በሶብላ እውነተኛ ዓመታዊ ስለሆነ በየወቅቱ ከዘር ይተካል። ቆስጣና ቀይ ሥር ደግሞ በደማቅ የቅጠል ዘንጋቸው ምክንያት ከአበባ ጎን ቢተከሉ ያምራሉ፣ ይበላሉም። የጤና አዳም ግራጫማ ሰማያዊ ቅጠል ውብ ቢሆንም፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ቃጠሎ የሚመስል ቁስል ሊያስከትል ስለሚችል ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ሲገረዝም እጅ ይታጠብ።

መወገድ ያለባቸውም አሉ። ጉሎ ትልልቅና ቀላማ ቅጠል ስላለው ለጌጥ የሚተከልበት አገር ቢኖርም ፍሬው አደገኛ መርዝ ይዟል፤ አስተናግርም እንዲሁ። የወፍ ቆሎ አበባው ያማረ ቢሆንም ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ወደ ሜዳ ስለሚያደርሱ መጤና ወራሪ አረም ሆኗል። የጣናን ሐይቅ ያስጨነቀው እምቦጭም በብዙ አገሮች የተሠራጨው ለአበባው ውበት ሲባል ስለሆነ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ፈጣን ተክል ለጌጥ ብሎ ማስገባት ከበረንዳ ያለፈ ጉዳት አለው።

7. በአንድ መትከያ ማቀናጀት

ቅንጅት ሦስት ዓይነት ተክል ይፈልጋል፤ ከመካከል ወይም ከኋላ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ዙሪያውን የሚሞላ፣ ከጠርዙ ላይ የሚፈስ። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መትከያ 1 ቋሚ፣ 2 ወይም 3 ሞይ፣ 2 ፈሳሽ ተክል ይበቃል። ከዚህ በላይ ማጨቅ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያምራል፤ ኋላ ግን ሥሮቹ በውሃና በምግብ ስለሚሻሙ ሁሉም ይደክማሉ። የማይጣሰው ደንብ በአንድ መትከያ የሚኖሩ ተክሎች የብርሃንና የውሃ ፍላጎታቸው ተመሳሳይ መሆን እንዳለበት የሚያዝዘው ነው፤ አሪቲና ኢምፓሸንስ በአንድ መትከያ ከተተከሉ አንዱን የሚያኖረው ውሃ ሌላውን ይገድለዋል።

ለፀሐያማ በረንዳ የጥብስ ቅጠል ቋሚ፣ አጭር ማሪጎልድ ሞይ፣ ፖርቱላካ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ለጥላማው ቀይ ኮሊየስ ቋሚ፣ ነጭ ኢምፓሸንስ ሞይ፣ ትራደስካንሺያ ፈሳሽ ቢሆኑ ይስማማሉ። የቀለም ምርጫ ቦታው እዚህ ነው፤ በአንድ መትከያ ሁለት የአበባ ቀለም ከአንድ የቅጠል ቀለም ጋር ይበቃል። ጥላ ለበዛበት በረንዳ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ከሩቅ ይታያሉ፤ ጥቁር ሐምራዊ ግን በጥላ ውስጥ ይጠፋል።

8. ችግኙን መርምሮ መግዛት

ገዢዎች በአበባ የተሸፈነውን ችግኝ ያነሣሉ፤ መነሣት ያለበት ግን እምቡጥ የያዘው፣ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣው አጭሩ ነው። በጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያበበ ዓመታዊ ተክል ጉልበቱን አውጥቶ ጨርሷል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ደቃቅ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ከታየ ሌሎቹን ተክሎች ስለሚበክል አይግዙ። ሻጩን አስፈቅደው ፕላስቲኩን በትንሹ ገለጥ በማድረግ ሥሩን ይዩ፤ ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈካ ያለ ነው፣ የጠቆረና የሚሸት ሥር በስብሷል። አዲሱን ችግኝ ከነባሮቹ ለይቶ ለአንድ ሳምንት ማቆየትም ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

9. መትከልና መንከባከብ

ተክሉ አመሻሽ ላይ ወይም ደመናማ ቀን ይተከል፤ ቀደም ብሎ ከነፕላስቲኩ ይጠጣ። በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፤ አፈሩም ከመትከያው አፍ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ያለዚያ ውሃው አፈሩን ይዞ ይፈስሳል። ውሃ የሚጠጣበት ጊዜ በቀን መቁጠሪያ አይወሰንም፤ ጣት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ሲገባ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ ጠዋት ይጠጣ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚያስቀር ተክሉን ለድርቀት ያጋልጠዋል። ለጥቂት ቀናት ከቤት የሚርቅ ሰው በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ ውሃ ሞልቶ በአፈሩ ውስጥ ደፍቶ ሊሰካው ይችላል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ዋናው ስሕተት ማብዛት ነው። ዩሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም፣ በዱቄቱ ሲጨመርም ሥር ያቃጥላል፤ የቅጠል ተክሎች ቢገረጡ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ለአበቦቹ በየወሩ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከላይ መጨመር ይሻላል።

የጠወለገ አበባ ከነዘር መያዣው ይቀጠፍ። ዓመታዊ ተክል የሚያብበው ዘር ለመስጠት ስለሆነ፣ ዘሩ ከበሰለ ማበቡን ያቆማል፤ ሲቀጠፍበት ግን እንደገና ያብባል። ይህ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ የአበባውን ዘመን በብዙ ሳምንታት ያራዝማል።

10. ለቀጣዩ ወቅት ዘርና ቁራጭ ማዘጋጀት

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከየዓይነቱ ምርጥ በሆነው ተክል ላይ ጥቂት አበባ ሳይቀጠፍ ይተውና በግንዱ ላይ ይድረቅ። የማሪጎልድ፣ የዚኒያና የኮስሞስ ዘር በዚህ መንገድ በቀላሉ ይሰበሰባል፤ በእሽጉ ላይ «ኤፍ 1» ተብሎ ከተጻፈበት ድቅል ዘር የበቀለ ተክል ግን ልጁ ከእናቱ ስለሚለይ ዘሩን ማስቀመጥ አያዋጣም። ዘሩ በጥላ ለሁለት ሳምንት ይድረቅና በወረቀት ፖስታ፣ የተክሉ ስምና የተሰበሰበበት ወር ተጽፎበት፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በፕላስቲክ ከረጢት የታፈነ ዘር ይሻግታል። ኮሊየስ፣ ጄራኒየም፣ ኢምፓሸንስና ትራደስካንሺያ ደግሞ አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቁራጭ ይራባሉ። የታችኞቹ ቅጠሎች ተቀጥፈው ቁራጩ ከአንጓው በታች ይቆረጥና በእርጥብ ጠጠርማ አፈር ተሰክቶ በጥላ ይቀመጥ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። የጄራኒየም ቁራጭ ብቻ ከመተከሉ በፊት አንድ ቀን በጥላ ቢቆይና ቁስሉ ቢደርቅ ከመበስበስ ይድናል።